እየተቃወምኩ የከፈልኩት

ባሏ ሌስሊ ከተቀበረ ወዲህ ግሌንዳ አንድ ቀን እንኳ አላለቀሰችም። ሰው ሁሉ «ጠንካራ ሴት ናት» ይላል። ምን ጥንካሬ አለ! ጥርስ ሐኪም መርፌ የወጋው ድድ እንዴት እንደሚደነዝዝ ታውቁ የለ? እንደዚያ ነው የሆነችው። ሻይ ታፈላለች፣ ሳትቀምሰው ይቀዘቅዛል፣ ትደፋዋለች። የሆነ ነገር ከውስጧ ፈንቅሎ ቢወጣላት ትወድ ነበር፤ ንዴትም ቢሆን ግድ የላትም።

በመጋቢት ኖርማን የቤቱን የኢንሹራንስ ሂሳብ በበሯ ስር አስገባ። ኖርማን ከምድር ቤቱ የሚኖረው ጎረቤቷ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እነ ግሌንዳ እንግሊዝ አገር፣ ኢስትቦርን ከተማ ባሕሩ አጠገብ ካለው ቤት የላይኛውን ፎቅ የገዙት በሊዝ ነው፤ ቤቱ የእነሱ ቢሆንም መሬቱ የኖርማን ነው። ስለዚህ ለሙሉው ሕንፃ ኢንሹራንስ የሚገባው እሱ ሆኖ፣ እነሱ ግማሹን ያዋጣሉ። ኖርማን በጓሮ በኩል የመስታወት ሳሎን እስኪቀጥል ድረስ ሰላም ነበር። ሳሎኑ ሲጨመር ክፍያው ናረ። ሌስሊ «አንተ ለቀጠልከው ክፍል እኔ ምን ቤት ነኝ? ከእንግዲህ ሲሶ ነው የምከፍለው» አለ። ኖርማንም «ውሉ ግማሽ ይላል ጌታው፤ ማንበብ ካቃተህ መነጽርህን ቀይር» ብሎ መለሰለት።

ከዚያ ወዲያ መጋቢት በመጣ ቁጥር ያው ነው። ሌስሊ ከረባቱን ያስራል፤ ለሰርግ እንኳ እንደዚያ አያስርም። ደረጃውን ወርዶ «ከአክብሮት ጋር፣ ባለርስቱ» ብሎ ይጀምራል፤ በዚያ አገር «ከአክብሮት ጋር» ከተባልክ መሰደብህን እወቅ። ሲጨቃጨቁ ያረፍዱና በመጨረሻ ሌስሊ ግማሹን ይከፍላል። ይከፍላል እንጂ ዝም አይልም፤ ቼኩ ጀርባ ላይ «እየተቃወምኩ የከፈልኩት» ብሎ ይጽፍበታል። ግሌንዳ ከላይ ሆና እየሰማች በሁለቱም ታፍር ነበር።

የዘንድሮው ሂሳብም ግማሽ ይላል። ግሌንዳ ወረቀቱን ይዛ ብዙ ቆመች። ሌስሊ በሕይወቱ የፈለገው ትልቅ ነገር አልነበረም፤ ሲሶ ነው የፈለገው። እሱን እንኳ ካላስፈረድኩለት ምን ሚስት ነኝ አለች። ሹራቧን ደረበችና ወረደች።

ኖርማን በቤት ጫማው ሆኖ ከፈተላት።

«ከአክብሮት ጋር፣ ባለርስቱ» አለች፤ ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ለመስታወት ሳሎንህ እኛ የምንከፍልበት ምክንያት የለም። ሲሶ ነው።»

ኖርማን ትንሽ አያትና «እሺ» አለ።

«ምን እሺ?»

«ሲሶ ይሁን። ልክ ነበር እኮ። ከመጀመሪያውም ልክ እንደነበር አውቃለሁ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ለምን ስታደርቀው ኖርክ?»

«ካመንኩለትማ ምን ልንባባል ነው? ስለ አየሩ ልናወራ?»

ግሌንዳ ይህን ሰምታ አልቆመችም። ዞረችና ያንን ደረጃ በዚያ በታመመ ጉልበቷ እየሮጠች ወጣችው። ደስ ብሏታል፤ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዷ ሞቅ አለ። በሩን በርግዳ ገባች።

«ሌስሊ! ሲሶ አለ! እሺ አለልህ እኮ!»

ከሳሎን መልስ አልመጣም። መነጽሩ ቴሌቪዥኑ አጠገብ እንደተቀመጠ ነው። ግሌንዳ እጇ የበሩን እጀታ እንደያዘ ቀረች። ለእሷ ሌስሊ የሞተው ያን ጊዜ ነው። እዚያው ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች፤ አፏን ሳትይዝ፣ ጎረቤት ይሰማኛል ሳትል። ኖርማን ሰምቷል፣ ጣሪያው ስስ ነው። ልምጣ ባለማለቱ ደግ አደረገ።

ካበቃላት በኋላ ፊቷን ታጠበችና ቼኩን ጻፈች፣ በሲሶው። ገልብጣ ጀርባው ላይም ጻፈችበት። ይዛው ወረደች።

ኖርማን ፊቱን አየ፣ ጀርባውን አየ።

«አሁን ደግሞ ምኑን ነው የምትቃወሚው? ሲሶ አልኩሽ አይደል?»

«እሺ ማለትህን» አለች ግሌንዳ፤ ዓይኗ ገና እንዳበጠ ነው። «እሱ እያለ ነበር እሺ ማለት የነበረብህ።»

ኖርማን ቼኩን አጥፎ ኪሱ ከተተና በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ።