ከተንጠለጠለ ጭነት ሥር

ሽማግሌው ያን ቅዳሜ ጠዋት ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ተናዶ ነበር። የሦስቱም ልጆቹ ድምፅ ከሳሎን ይሰማዋል። ሦስቱ አንድ ላይ የሚመጡት ወይ ሰው ሲሞት ነው፣ ወይ እሱን ለመምከር፤ የሞተ ሰው ደግሞ አልሰማም።

"ማነው የሞተው?" ብሎ ጮኸ ለማንኛውም።

"ኧረ ማንም አልሞተም አባዬ" አለች የመጀመሪያ ልጁ ሐኪሟ፣ በሩን ከፍታ እየገባች። ከኋላዋ መካከለኛው ልጅ ተከተለ፤ ጂም ያለው፣ ቤተሰቡ "ጡንቻ" እያለ የሚጠራው። በመጨረሻ ትንሹ፣ መሐንዲሱ፣ አንድ ባለጎማ ብረት እየገፋ መጣ። ብረቱ ረጅም አንገት አለው፤ አንገቱ ጫፍ ላይ መንጠቆ፣ መንጠቆው ላይ ደግሞ የሸራ ማቀፊያ ተንጠልጥሏል።

ሽማግሌው ብረቱን ሲያይ ደሙ ፈላ። ምን እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳው አላስፈለገም። ዕድሜ ልኩን አብሮት የኖረውን ነገር አሳንሰው መኝታ ቤቱ ድረስ ይዘውበት መጥተዋል።

ሰውዬው ክሬን ኦፕሬተር ነበር። ትልቅ የኮንቴይነር ግቢ ውስጥ፣ ከሰው ሁሉ በላይ በተሰቀለች የመስታወት ክፍል ተቀምጦ፣ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሲያነሳና ሲያወርድ ኖሯል። የሥራ ጓደኞቹ "ሁለት ጣት" ይሉት ነበር፤ ቤት የሚያህል ኮንቴይነር በሁለት ጣቱ አንስቶ፣ የተኛ ሕፃን የሚያስቀምጥ ይመስል፣ ኮሽ ሳያደርግ ያሳርፈዋልና። ልጆቹም ከሱ ወረሱት መሰለኝ፣ ማንሳት የሚባለውን ነገር ለሦስት ተካፍለው ተማሩት። ሐኪሟ ሰው ሲያነሳ ውሎ የሚጎዳውን የነርሶችን ወገብ ታጠናለች። ጡንቻ፣ ክብደት ማንሳት ሰውን እንዴት እንደሚያጠነክር ሁለተኛ ዲግሪውን እየሠራበት ነው። መሐንዲሱ የሚያነሱ ማሽኖች ይነድፋል። ሽማግሌው በነሱ ሲጎርር ለጉድ ነበር፤ እስከዚያ ጠዋት ድረስ።

ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ አልታዘዝ ካለው ሁለት ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ሚስቱ ትመጣና እጆቿን ብብቱ ሥር አስገብታ፣ አንገቷን አንገቱ ሥር ቀብራ፣ "በል እንግዲህ" ብላ ታነሳዋለች። ከአልጋው መስኮቱ አጠገብ ወዳለው ወንበር፣ ከዚያ ወደ ተሽከርካሪ ወንበሩ፣ ከዚያ ሽንት ቤት፣ ከዚያ መልሶ። እሱ "ቀስ በይ፣ ወደ ቀኝ፣ ኧረ ወደ ቀኝ ነው ያልኩሽ" እያለ ይቆጣል፤ እሷ ታነሳዋለች። እንደሱ አስተሳሰብ ይሄ ትዳር ነው፤ ምንም የሚጎድለው ነገር የለም።

"ያንን ነገር ከቤቴ አውጡልኝ" አለ።

"አባዬ፣ መጀመሪያ ስማና..."

"ምኑን ነው የምሰማው? እኔ ዕቃ ነኝ? መንጠቆ ላይ የሚንጠለጠለው ዕቃ ነው። ይሄን ያህል ዘመን ሳነሳ ሰው መንጠቆ ላይ ሰቅዬ አላውቅም። እናታችሁ ታነሳኛለች፤ አለቀ።"

"ሰማንያ ስድስት ኪሎ ነህ እኮ" አለች ሐኪሟ። "ጥናቶቹ የሚሉት ግልጽ ነው። ሰው ሰውን በእጁ ማንሳት የለበትም። ጎንበስ ብትል፣ ቀጥ ብትል፣ ምን ብትል፣ ወገብ አይችለውም።"

"እዚህ ጋ እንኳ አልስማማም" አለ ጡንቻ፣ ክንዱን አጣጥፎ። "ችግሩ ማንሳቱ አይደለም፤ ሳይዘጋጁ ማንሳቱ ነው። ጭኗ ቢጠነክር ወገቧ አይነካም ነበር። በስተርጅና ክብደት ማንሳት በጀመሩ ሴቶች ላይ የተሠራ ጥናት አለ፤ ብታነቢው ትገረሚያለሽ።"

"እማዬን ጂም ልታስገባት ነው?"

"ለምን አትገባም?"

"ሁለታችሁም ሥጋ ውስጥ ገብታችሁ ቀርታችኋል" አለ መሐንዲሱ። "ማንሳት የሰው ሥራ አይደለም፣ የሞተር ነው። ሞተር ወገብ የለው፣ አይደክመው። ይሄን የሚያህል ቀላል ነገር እየተጨቃጨቃችሁ..."

ሐኪሟ ቱግ አለች፤ ማሽን ብቻውን ስንት ሰው እንደጣለ ልትነግረው ጀመረች። ጡንቻ ስልኩን አውጥቶ ጥናቱን ፈለገ። ከአልጋው በላይ፣ ከሽማግሌው ራስ በላይ፣ ቃላት ይወራወሩ ጀመር። እሱ ዓይኑን ካንዱ ወዳንዱ እያዞረ ጥርሱን ነከሰ። ስለ ማንሳት ሦስት ዓይነት እውቀት ክፍሉን ሞልቶት ሳለ እሱን የሚያነሳ ሰው ጠፋ።

"ሴትዮ" ብሎ ተጣራ በመጨረሻ። "ነይና አንሺኝ፤ እነዚህ ይጨቃጨቁ።"

ሚስቱ በሩ ላይ ብቅ አለች። አንድ እጇን የበሩ መቃን ላይ አድርጋለች። ፊቷ ላይ ቸኮል የማለት ነገር የለም።

"አላነሳህም" አለች።

ሽማግሌው በትክክል የሰማ አልመሰለውም፤ ወይም የሰማውን ላለመስማት ፈለገ። "ምን አልሽ?"

"አላነሳህም አልኩህ። እነሱን የጠራኋቸው እኔ ነኝ። ማሽኑንም አምጣ ያልኩት እኔ ነኝ።"

ሽማግሌው ራሱን ከትራሱ ቀና አደረገ። ያኮረፈ ሕፃን የሚናገረውን ተናገረ። "ሰለቸኝ በይኛ! እውነቱን አውጪው።"

"አዎ ሰለቸኸኝ። ምን ልበልህ፣ አልሰለቸኸኝም ልበል?" ድምጿ ከፍ አላለም፤ ከፍ ብትል ይሻለው ነበር። "ሳነሳ ኖርኩ ትላለህ። እዚህ ቤት ውስጥ ግን ምን አንስተህ ታውቃለህ? የበላህበትን ሳህን አንስተህ ታውቃለህ? እነዚህ ሦስቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅሱ አንዳቸውን ከአልጋ አንስተሃል? አንስተህ የምታውቀው ነገር ቢኖር ጠብ ነው። እሱን እንኳ ስታነሳ ጎበዝ ነህ፣ አልዋሽም።"

ጡንቻ ሳቁ አመለጠው፤ እህቱ በክርኗ ጎሸመችው።

"አንድ ረዳትህን ያስባረርከው በምን ነበር?" ብላ ቀጠለች። "ገበታ ላይ ስንት ጊዜ አውርተኸዋል። ኮንቴይነሩ ተንጠልጥሎ እያለ ከሥሩ አቋርጦ አለፈ ብለህ አይደለም? ከተንጠለጠለ ጭነት ሥር ሰው አይቆምም፣ የገዛ ወንድሜም ቢሆን አባርረዋለሁ ስትል አልነበር? እስቲ ንገረኝ፤ እኔ እስከዛሬ የቆምኩት የት ነው?"

ሽማግሌው እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልጋ ላይ ተኝቶም ቢሆን ራሱን የሚያየው ከላይ፣ ከመስታወቷ ክፍል ውስጥ ሆኖ ነበር። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ቀስ እያለ የሚያዝ ኦፕሬተር። ጭነቱ እሱ ራሱ መሆኑ፣ ከሥሩ ሰው መኖሩ፣ ታይቶት አያውቅም። ንዴቱ አልበረደም፤ የሚሄድበት ጠፋው እንጂ።

"አምጡት" አለ።

ልጆቹ አገላብጠው ማቀፊያውን ከሥሩ አነጠፉለት፤ ማንጠልጠያዎቹን መንጠቆው ላይ አሰሩ። መሐንዲሱ ቁልፉን ሲጫነው ማሽኑ በድንገት ቀና አለና ሽማግሌውን ነጠቀው።

"አትንጠቀኝ" ብሎ አምባረቀ። "መጀመሪያ ማቀፊያውን ወጥረው። ከዚያ ቁም። ከዚያ ነው የሚነሳው። ማን ነው ያስተማረህ አንተን?"

ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። ልጆቹ እግሩ ሲወዛወዝ ሲያዩ ማየት አልፈለገም። የሸራው ጠርዝ ጭኑ ላይ ይቆርጠዋል፤ ሸሚዙ ተሰብስቦ ሆዱ ተገልጧል፤ ሊሸፍነው የሚታዘዝለት እጅ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ማንጠልጠያውን ጨብጧል። ውርደት ማለት ይሄ ነው ብሎ አሰበ። መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ዱብ አድርገው ሲያስቀምጡት ዓይኑን ገልጦ፣ "እኔ ብሆን ላንድ ቀን አልቀጥርህም" አለ ለመሐንዲሱ። መሐንዲሱ ላቡን ጠረገ።

ሚስቱ ባዶውን አልጋ አየችው። "እስቲ እኔም ጋደም ልበል" አለችና ጠርዙን ይዛ፣ ቀስ ብላ ጀርባዋን አሳረፈች። ልጆቹ ተያዩ። እናታቸው በጠራራ ፀሐይ ጋደም ስትል አይተው አያውቁም። እሷ ጣራ ጣራውን እያየች በረጅሙ ተነፈሰች።

ጥቂት ቆይታ ልትነሳ ሞከረች። ሁለተኛ ሞከረች። ከንፈሯ አመድ መሰለ።

"ወገቤን ያዘኝ" አለች። "ንቅንቅም አልል አለኝ።"

ሐኪሟ ተንደርድራ ሄደች፤ እግሯን ጫን፣ ጣቷን ቆንጠጥ አድርጋ አየች፤ ጥያቄ ጠየቀች። "እግርሽ ይታዘዛል፣ ደህና ነው። ግን አሁኑኑ ሆስፒታል እንሄዳለን። ራጅ መነሳት አለብሽ።"

"መነሳትማ ብችል እዚህ ምን እሠራለሁ" አለች እናትየው፣ ጥርሷን ነክሳ።

ከዚያ ልጆቹ እንደገና ጀመሩት። ጡንቻ፣ እኔ አቅፌ መኪና ውስጥ አስገባታለሁ አለ። ሐኪሟ፣ ብትነካት ወዮልህ፣ ወገቧን እንዳታጥፈው አለችው። መሐንዲሱ፣ ማሽኑ ለምን ተገዛ ታዲያ አለ። እናትየው በመሃላቸው ጣራውን እያየች ተጋድማለች፤ ከዓይኗ ጥግ አንድ ነገር ወደ ጆሮዋ እየወረደ ነው።

ሽማግሌው ያንን አየ።

"አፋችሁን ዝጉ" አለ። ሦስቱም ዘጉ። "ያንን መቆጣጠሪያ ስጠኝ።"

"አባዬ፣ ባንድ እጅህ..."

"ስጠኝ አልኩ። ሁለት ጣት ነው የሚፈልገው። አንቺ ማቀፊያውን አልብሻት፣ እንደምታውቂበት። አንተ ተሽከርካሪ ወንበሩን አምጣና ያዘው። አንተ ብረቱን እኔ ስል ብቻ ግፋ።"

መቆጣጠሪያው በገመድ ከማሽኑ ጋር የተያያዘ ነው፤ ከወንበሩ ሆኖ ይደርስለታል። አውራ ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳረፈ። ሸራው ተወጠረ። አቆመ። አራቱንም ማንጠልጠያ አንድ በአንድ በዓይኑ ለካ። እንደገና ተጫነ፤ አቆመ፤ ተጫነ። ክፍሉ ውስጥ ከሞተሩ ሹክሹክታ በቀር ድምፅ የለም። ንዴቱ እንዳለ ነው፤ ጣቱ ጋ ግን አልደረሰም።

"ብትጥለኝ አለቅህም" አለች ዓይኗን ጨፍና።

"እየሠራሁ ነው፣ አታናግሪኝ።"

"መቼ ነው ታዲያ የምታነሳኝ?"

"ተነስተሻል" አላት።

ዓይኗን ገለጠች። አልጋው ከሥሯ ርቋል። አልታወቃትም።

ያኔ ሽማግሌው፣ በልማድ፣ ኦፕሬተር ሁሉ ጭነት ሲያነሳ እንደሚያደርገው፣ የክብደቱን ቁጥር ፈለገ። ማሽኑ አንገት ላይ አንዲት ትንሽ ስክሪን አለች። አርባ አንድ ትላለች። ከፍ እስክትል ጠበቀ። አልጨመረችም።

"ሚዛኑ ተበላሽቷል" አለ።

መሐንዲሱ ጎንበስ ብሎ አየ። "አልተበላሸም አባዬ" አለ ቀስ ብሎ። "አንተን ስናነሳ ሰማንያ ስድስት ነው ያለው።"

ሐኪሟም አየችው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ምን ይላል?" አለች እናትየው ከላይ።

"አንቺ ሴትዮ" ብሎ ጮኸ ሽማግሌው፣ ጩኸቱ መስኮቱን እስኪያነቃንቅ። "ምን ስትበዪ ነው የከረምሽው?"

"ስበላ ሳይሆን ሳበላ ነው የከረምኩት" አለችው።

ሰውዬው ስድቡን ለቀቀው። መጀመሪያ ማሽኑን ሰደበ፤ ሚዛኑን፣ የሠራውን ፋብሪካ። ከዚያ ልጆቹን ሰደበ፤ የሰው ወገብ እያጠናች የእናቷን ወገብ ያላየችውን፣ የሰው ጭን እየለካ የእናቱ ቀሚስ ሲሰፋት ያልታየውን፣ ይህን ብረት ለማምጣት ሁለት ዓመት የፈጀውን። ከዚያ ራሱን ሊሰድብ ጀመረ። "እኔ ደግሞ፣ እኔ..." አለና ድምፁ ተቆረጠ። እንደገና ሞከረ፤ አሁንም እዚያው ላይ ተቆረጠ። ሁለት ጣቱ ግን ቁልፉ ላይ እንዳለ ነው፤ ሚስቱ አየር ላይ ቅንጣት አልተወዛወዘችም።

"መጀመሪያ አውርደኝ" አለችው። "ከዚያ ትሰድባለህ።"