ከአሥር አራት

«በዚህኛው አልበም ድራም እንደመታችው በሕይወቷ መትታ አታውቅም!» አለ ጊታሪስቱ፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ። ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርጓል። «እጇ እኮ እንደ ማሽን ነበር፤ አንዲት ምት አትስትም።»

ለቀስተኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከመካከላቸው አልበሙን የሰማ አልነበረም፤ ቢሰሙትማ ኖሮ ቤት የተቃጠለ መስሏቸው ውኃ ፍለጋ በሮጡ ነበር።

የሟቿ ወንድም ግን ሰምቷል። ባዶ ብርጭቆ መሰብሰቡን ገታ አድርጎ ጊታሪስቱን ከጫማው እስከ መነጽሩ ገረመመው።

«እንደ ማሽን አልክ?»

«እንደ ማሽን!»

«ከአፍህ እውነት ሲወጣ ገና ዛሬ ሰማሁ» አለና ወደ ጓዳ ገባ።

ይህ ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ የሚወጡትን የዴዝ ሜታል፣ የዚያን ጩኸታም የሮክ ሙዚቃ፣ አልበሞች እየሰማ፣ ለእያንዳንዱ ከአሥር ነጥብ እየሰጠ በአንድ መጽሔት ላይ ሲጽፍ የኖረ ነው። ሙዚቀኞቹ «ምላጭ» ይሉታል። ስለ አንዱ ባንድ «ዘፋኙ ሞት ሆይ ና፣ ሞት ሆይ ና እያለ አርባ ደቂቃ ጮኸ፤ ሞትም ጆሮ አለውና አልመጣም» ብሎ ጽፏል። ስለ ሌላው ደግሞ «ሰይጣን ይህን አልበም ቢሰማ ንስሐ ይገባል፤ ከፍርሃት ሳይሆን ከኀፍረት» አለ።

እህቱ ቀን የከተማ አውቶቡስ ትነዳ፣ ከሥራ ስትወጣ ለዚሁ ጊታሪስት ባንድ ድራም ትመታ ነበር። ባንዱ የሚጫወተው ከጩኸቱ መሐል ዜማ የሚሰማበትን ዓይነት ዴዝ ሜታል ነው፤ ምላጭ «ስኳር የተነሰነሰበት ምስማር» የሚለውን። አዲሱ አልበማቸው በወጣ በዘጠነኛው ቀን፣ መሪ እንደያዘች ልቧ ከዳት። አውቶቡሱን ጥግ አስይዛ፣ የእጅ ፍሬን ስባ፣ በሩን ከፍታ ነው የተደፋችው። ከተሳፋሪው አንድ ሰው እንኳ አልተቧጨረም።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን የመጽሔቱ አዘጋጅ መጣ። ከእናትየው ጎን ለወጉ ያህል ተቀመጠና ምላጭን ወደ ኮሪደሩ ጠራው።

«እንግዲህ... ያቺ ጽሑፍህ» አለ በሹክሹክታ።

«የትኛዋ?»

«ለእህትህ አልበም አራት የሰጠህባት ናታ። ሰው እያማን ነው። ሌሎቹ መጽሔቶች ሁሉ ነጥቡን ወደ አሥር ከፍ አድርገውታል። አንተም ቢያንስ ዘጠኝ...»

«ሌሎቹ ባለፈው ሳምንት አምስት ሰጥተው አልነበር?»

«ነበር።»

«ከዚያ ወዲህ አልበሙ ላይ ምን ተጨመረ?»

አዘጋጁ ወደ ሳሎኑ ዘወር ብሎ አየ።

«ሬሳ ተጨመረበት» አለ ምላጭ። «የእህቴ ሬሳ አምስት ነጥብ ያወጣል ማለት ነው። ካፖርትህ በሩ ጀርባ ነው፤ አንሣው።»

አክስቱ ከሳሎን ሰምታለች። አጠገቧ ላለችው ሴት፣ እሱ እንዲሰማው አድርጋ፣ «በቁሟ በአደባባይ አዋረዳት፤ አሁን ደግሞ ብርጭቆ ያጥብላታል» አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ምላሷን ቆርጦ ያስታቅፋት ነበር። አሁን ግን ወደ ጓዳ ተመልሶ፣ ውኃውን ከፍቶ ብርጭቆ ማጠቡን ቀጠለ።

ጽሑፉ በወጣ ዕለት እህቱ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር መጥታበት ነበር።

«አራት?»

«አራት።»

ከት ብላ ሳቀች። «ሦስት ነው የሚገባው! ድራሙ እኮ እኔ አይደለሁም። መታሁለት፤ ያ መነጽራም ‹ትዘገያለሽ› አለና በኮምፒውተር ቆራርጦ የኔን አውጥቶ የማሽን ከተተበት።»

«ድራሙ በድን ነው ብዬ የጻፍኩት ለዚያ ነው።»

«አውቄያለሁ። ያን የሰማኸው አንተ ብቻ ነህ።» ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «የመጨረሻዋን ዘፈን ግን አላስነካሁትም። እሷን ከነካህ ባንዱን ጥዬ እሄዳለሁ አልኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኸው አይደል?»

ምላጭ ከስምንቱ ዘፈኖች ሰባቱን ሰምቶ «ሰባት ጊዜ ያልበሰለ ድስት በስምንተኛው አይበስልም» ብሎ ነበር የዘጋው።

«ሰማሁት» አላት።

ደወል ተጭኖ ሳይወርድ የቀረ ተሳፋሪ በመስታወት እንደምታይ አየችው። «እንግዲያው አራት ይሁን» አለችና ወጣች። ከዚያ ወዲያ አልተገናኙም።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል እናቱ ወደ እህቱ ክፍል ጠራችው።

«ልጄን አሰማኝ» አለችው።

«እማ፣ ይሄ ላንቺ የሚሆን ነገር አይደለም።»

«ለእኔ የሚሆነውን ቀብሬ መጥቻለሁ። ክፈተው።»

ከፈተው። እናቱ የወንበሩን ክንድ ጨብጣ ያዘች።

«እሷ ናት?»

«አይደለችም። ማሽን ነው።»

«ይቺስ?»

«አይደለችም።»

ሰባቱን እንዲህ አለፉ። ከዚያ የምላጭ እጅ ቆመ።

«አለቀ?»

«አንዲት ቀርታለች።»

«እሷ ናት?»

«አልሰማኋትም፣ እማ።»

እናቱ ዘወር ብላ አየችው። «ሳትሰማት ነው የፈረድክባት?»

ምላጭ በእህቱ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ ስምንተኛዋን ከፈታት።

ጊታሮቹ ቀድመው ገቡ። ድራሙ ተከተለ፤ የፀጉር ስንጣቂ ያህል ወደኋላ ቀረት እያለ፣ በር ከመዝጋቱ በፊት አንድ የቀረ ሰው እንዳለ በመስታወት እንደሚያይ ሹፌር። ማሽን እንዲህ አይጠብቅም።

«ናት» አለች እናቱ። አልጠየቀችም። «ከሥር እንደ ነጎድጓድ የሚያጉረመርመው ምኗ ነው?»

«እግሯ ነው። ፔዳል አለ፤ በሁለት እግሯ ነው የምትመታው።»

«በሁለቱም?»

«በሁለቱም።»

እናቱ ነጠላ ጫማዋን አወለቀችና ባዶ እግሯን ወለሉ ላይ አሳረፈች። ቀኝ፣ ግራ ብላ ሞከረች፤ ጉልበቷ እምቢ አላት። ምላጭ ከፊቷ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶቿን ያዘ። ቀኟን አነሣላት፤ ግራዋን ከማንሣቱ በፊት፣ እህቱ እንደምታደርገው፣ ጥቂት ጠበቀ።