ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ራንጌል

ራንጌል ጡረታ የወጣ የስልክ ቴክኒሺያን ነው። ሚስትም ልጅም የለውም። ያለው በትሪያቭና ከተማ የባህል ቤት መድረክ ሥር በገዛ እጁ የገጣጠመው የኢሜይል ሰርቨር ነው። ሲሞቀው ያራግብለታል፤ ድምፁ ሲቀየር ምግብ አይወርድለትም። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ የሚልከው ኢሜይል አይደርስም።

መሄዱንስ ይሄዳል፤ ሄዶ ስፓም ውስጥ፣ ከቆሻሻው መልእክት ጋር ይጣላል እንጂ። ትልልቆቹ የኢሜይል ኩባንያዎች ፈርም አሉት፣ ፈረመ፤ አስመዝግብ አሉት፣ አስመዘገበ። ኋላ ነገሩ ታወቀ። የሰርቨሩ የኢንተርኔት አድራሻ ከአንድ የወንድነት ኪኒን ነጋዴ አድራሻ ጎን ነው፤ ነጋዴው አገር ምድሩን በማስታወቂያ ስላሰለቸ ሰፈሩ በሙሉ ታገደ። ራንጌል አቤት አለ። «አስተያየትዎ ለእኛ ውድ ነው» የሚል መልስ ደረሰው። እንዴት ያለ ክብር ነው እባካችሁ!

የባህል ቤቱ ሊቀመንበር ወይዘሮ ቬሊችካ ታከታቸው። «ስማ ራንጌል፣ ቅዳሜ አባላቱ ድምፅ ይሰጣሉ። ሰርቨሩ ወይ ይቀጥላል፣ ወይ ይነቀላል።»

«ይስጡ! እኔን የሚጠላ አባል የለም።»

ለእነዚሁ ለማይጠሉት አባላት «መጥታችሁ አድኑኝ» ብሎ ጻፈ። በምን? በኢሜይል ነዋ!

በማግስቱ የባህል ቤቱን ዘፋኝ ኮስታን መንገድ ላይ ያዘው። «ደረሰህ?»

«ምኑ?» ኮስታ ስልኩን ጎረጎረ ጎረጎረና ሳቁ አመለጠው። «አገኘሁህ! ሎተሪ ወጥቶልሃል ከሚለውና ከኪኒኑ መሃል ተኝተሃል።»

ራንጌል ደሙ ፈላ፤ በቀጥታ ፔንካ ማተሚያ ቤት ገባ። ፔንካ የምትታወቀው በየበሩና በየምሰሶው በሚለጠፈው የሞት ማስታወቂያ ነው።

«ፎቶዬን ከላይ፣ ስሜን በትልቁ» አላት። «ከሥሩ፦ ዕድሜውን ሙሉ አገልግሏችኋል። ቅዳሜ ረፋዱ አራት ሰዓት በባህል ቤቱ ተገኙለት። አትቅሩ።»

«ጋሼ፣ ለራስዎ ነው?»

«ለማን ሊሆን ኖሯል!»

«እሺ፣ አይቆጡ። ቀድመው የሚያዘጋጁም አሉ።»

ጽሑፉን ፊደል በፊደል አረመ። ዙሪያውን ያለውን ጥቁር ጠርዝ ግን አላየውም፤ በዚያ ከተማ የሚለጠፍ ወረቀት ሁሉ ጥቁር ጠርዝ ስላለው ዓይኑ ለምዶታል። ዓርብ ሲመሻሽ ራሱን በራሱ እጅ ከተማው ላይ ለጠፈ።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። ራንጌል በመጋረጃው ቀዳዳ አየና ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ይህን ያህል ሰው ለእሱ ይመጣል ብሎ አስቦ አያውቅም። ብቅ ሲል ጩኸት ሆነ።

«አንተ! ሞተህ የለም እንዴ?» አለ ኮስታ፣ ከምሰሶ የገነጠለውን ወረቀት እያውለበለበ።

ራንጌል ጠርዙን አየ። ከዚያ አበባዎቹን አየ፤ በየእጁ ሁለት፣ አራት። በዚያ አገር ቁጥሩ ጎዶሎ ያልሆነ አበባ ለሙት ብቻ ነው የሚሰጠው።

ወይዘሮ ቬሊችካ የሞላ ጉባኤ የሚያባክኑ ሴት አይደሉም። «መቼም ከመጣችሁ አይቀር ድምፅ ስጡ። ይነቀል የምትሉ?»

እጁ ሁሉ ከነአበባው ወጣ፤ ዓይኑ ገና ያልደረቀው የኮስታም ጭምር። «ይቅር በለኝ ወንድሜ» አለ። «አንተን እንወድሃለን። ሰርቨሩን ግን ማን ያውቀዋል?»

«ይቆይ የምትሉስ?»

ራንጌል ብቻውን እጁን አወጣ።

አበባው ግን መሄጃ አጣ። የሙት አበባ ወደ ቤት አይመለስ፣ በቁሙ ላለ ሰው አይሰጥ። ኮስታ ጎንበስ ብሎ መድረኩ ሥር ገባና ሁለቱን ሰርቨሩ ላይ አኖረ። ሌሎቹም ተራ ይዘው አኖሩ። ሰርቨሩ የላከውን አንድ ቀን እንኳ ከፍቶ ያላነበበ ሁሉ ለስንብቱ አልቀረም። ራንጌል ሳያፍር አለቀሰ።

«አይዞህ» አለው ኮስታ። «ቀብሩ አምሯል።»

ራንጌል አፍንጫውን ጠረገ። «ምስጋናዬን እልክላችኋለሁ።»

«በወረቀት!» አለ አዳራሹ ባንድ አፍ።

ራንጌልም ሳቀና ሶኬቱን ነቀለ።