ጥቁሩ ናስትሮ

ዘፈን ድሮ ቀረ። ይህን ባልኩ ቁጥር ጎረቤቴ ክላይድ «አንተም አብረህ ቀርተሃል» ይለኛል፤ ይበል። የዛሬዎቹ የካንትሪ ዘፋኞች የሚያውቁት ፒክአፕ መኪና፣ ቢራና ቁምጣ የለበሰች ልጅ ብቻ ነው። በእኛ ጊዜ ሰው የሚዘፍነው የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ስለዋጠው አባቱ፣ ጥላው ስለሄደች ሚስቱ፣ ቀብሯ ላይ ሳይደርስ ስለቀረባት እናቱ ነበር። ዘፋኙ ሲያለቅስ እናምነው ነበር።

እኔ ዴልበርት እባላለሁ፤ እዚሁ አሜሪካ፣ ኬንታኪ ውስጥ፣ ተራራ ሥር ሠላሳ አንድ ዓመት ከሰል ቆፍሬአለሁ። ያኔ ሬዲዮ ጣቢያችን ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ለግማሽ ሰዓት የድሮ ዘፈን ያሰማ ነበር። አንዱም አላመለጠኝም፤ ሁሉንም በካሴት ቀድቻለሁ። የምቀዳውም በስብከት ካሴቶች ላይ ነው፤ ሰው በራፉ ላይ አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ በካርቶን አነሣቸዋለሁ። ካሴት ጀርባው ላይ ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉት። የተቀዳው እንዳይጠፋ የፈለገ ይሰብራቸዋል፤ ቦታቸው ቀዳዳ ሲሆን ቴፑ በላዩ አልቀዳም ይላል። እኔ ደግሞ ቀዳዳውን ከማዕድን ጉድጓዱ ባመጣሁት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ በሚጠቀለልበት ጥቁር ናስትሮ እደፍነውና በላዩ እቀዳለሁ። ስንቱን ሰባኪ እንዲህ ዝም አሰኝቻለሁ።

ሚስቴ ቬርና ማክሰኞ ዕለት አረፈች። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤቱ ጎረቤት ባመጣው ቦሎቄ፣ በቆሎ ዳቦና ድንች ሰላጣ ተሞልቶ ሳለ ልጄ ግሌንዳ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ነገ ሬሳው ሲወጣ እማዬ ራሷ ትዝፈን።»

በእኛ ሸለቆ ዘፋኝ የነበረ ሰው ድምፁ ተቀድቶ ከተገኘ ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣው በራሱ ድምፅ ነው። ቬርና ደግሞ ሳናገባ ጀምሮ ትዘፍን ነበር።

«በምን ትዘፍናለች? የተቀዳ ነገር መች አላት?» አልኳት።

«ካሴት ሰጥታህ ነበር እኮ! በተጋባችሁ በሃያ አምስተኛ ዓመታችሁ። አንተ ሥራ ስትወርድ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ነው የቀዳችው። ቴፑን የምጫንላት እኔ ነበርኩ። ረሳኸው?»

አልረሳሁም። የመጀመሪያውን ዘፈን እስከ ግማሽ ሰምቼ «ሁለተኛው ስንኝ ላይ ዜማውን አበላሽተሽዋል፤ በሬዲዮ እንዲህ አይደለም» ብያታለሁ። እሷም ቴፑን አጥፍታ ራት ልታቀርብ ተነሣች።

«ይኖራል፤ እኔ ካሴት ጥዬ አላውቅም» አልኩ።

ክላይድም መጣና ጓዳ ገብተን ለሦስት መፈለግ ጀመርን። አራት መቶ ካሴት ነው።

«ይኼ ሁሉ አቧራ! ማዕድን ውስጥ ያልገደለህ እዚህ ሊገድልህ ነው» አለ ክላይድ እያስነጠሰ።

«ዝም ብለህ ፈልግ፣ አንተ ሽማግሌ!»

ያገኘችው ግሌንዳ ናት። አየችውና ሰጠችኝ። ወረቀቱ ላይ በቬርና የእጅ ጽሑፍ «ለዴልበርት» ይላል። በላዩ ላይ መስመር ተሰምሮበት ከሥሩ በእኔ እጅ «ቅዳሜ፣ ማርች አሥር» ተብሏል። ጀርባውን ገለበጥኩት። ሁለቱም ጥርሶች ተሰብረዋል፤ ሁለቱም ቀዳዳዎች በጥቁር ናስትሮ ተደፍነዋል።

ያን ቅዳሜ አስታወስኩት። ፕሮግራሙ ሊጀምር ነው፣ ባዶ ካሴት የለኝም፤ የሰባኪዎቹም አልቀዋል። የማን እንደሆነ እያወቅሁ ነው ያነሣሁት። ሬዲዮው ካለፈ አለፈ፤ ቬርና ግን ወጥ ቤት ናት፣ በማንኛውም ቀን ትዘፍናለች ብዬ ነው።

«አባዬ፣ እማዬ መዝፈን ያቆመችው መቼ ነው?» አለችኝ ግሌንዳ።

አላወቅሁም። አብሬያት እየኖርኩ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእሷ ዝምታ ተሰምቶኝ አያውቅም። ሬዲዮው ክፍት ነበራ!

«እኔ ግን አውቃለሁ። ያን የጸደይ ወራት ነው። ጉሮሮዋን ያመማት መስሎኝ ማርና ሎሚ አፈላላት ነበር» አለች።

ካሴቱን ቴፕ ውስጥ ከተትኩት። ጣቢያው ሰላምታ አቀረበ፣ የከብት መኖ ማስታወቂያ አሰማ፣ ከዚያ የድሮዎቹ ዘፈኖች ተከተሉ፤ ጥርት ብለው፣ አንድም ሳይጎድል። ካሴቱ በየገጹ ሩብ ሰዓት ብቻ ስለሚይዝ መሃል ላይ ገለበጥኩት። ክላይድ ጭኑን በእጁ መታ።

«ይኼንን ፕሮግራም እኮ ስንት ዓመት ፈለግሁት! ዴልበርት፣ ታውሰኛለህ አይደል?»

እኔ የምወዳቸውን ዘፈኖች አንድ በአንድ እየሰማሁ ቶሎ ባለቁ እል ነበር። በሕይወቴ እንዲህ ብዬ አላውቅም።

ጣቢያው ተሰናበተ። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀረጻውን ያቆምኩበት ቦታ ነው። ከዚያ የቬርና ድምፅ መጣ። የመጨረሻዋን ዘፈን የመጨረሻ ሁለት ቃል ብቻ ዘፍና ጨረሰች፤ ተነፈሰችና ሳቀች።

«በቃ፣ ዴልበርት። ከእንግዲህ ሬዲዮው ቢበላሽም አትዘን፤ እኔ አለሁልህ። ግሌንዳ፣ አጥፊው።»

ካሴቱ አለቀ። ክላይድ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

«ሁለት ቃል ናት» አልኩ። «ሁለት ቃልም ቢሆን ነገ...»

«አይሆንም፤ እማዬ በዝምታ ትወጣለች» አለች ልጄ። «ሠላሳ ዓመት እንደኖረችው።»

ካሴቱን አወጣችው። ጥቁሩን ናስትሮ በጥፍሯ ጫር ጫር አድርጋ ከሁለቱም ቀዳዳዎች ላይ ላጠችው፤ ማንም ዳግመኛ እንዳይቀዳበት። ከዚያ ካሴቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ የተላጠውን ናስትሮ መዳፌ ላይ አስቀምጣልኝ ወጣች።