ኬሊስ ደሴት ነኝ

በአሜሪካ፣ በኢሪ ሐይቅ ላይ እንግዳ ይዞ ዓሣ በማስጠመድ የሚኖር ካፒቴን ሁሉ ይዋሻል። የማይዋሽ አለ ከተባለ ወይ ጡረታ ወጥቷል፣ ወይ ሬዲዮው ተበላሽቷል። ዋልአይ በመንጋ የሚዞር ዓሣ ነው፤ ያለበትን ቦታ በሬዲዮ ከተነፈስክ የያዝከውን ቡና ሳትጨርስ የወደቡ ጀልባ በሙሉ ይከብብሃል። ስለዚህ ምዕራብ ያለው «ምሥራቅ ነኝ» ይላል፣ የሞላለት «ባዶ ነው» ይላል፣ የሰማውም እንደ ሰላምታ ቆጥሮት ያልፋል። ማንም በዚህ አይቀየምም።

የእኔ የሚላን ህሩሽካ ውሸት በምሥራቅ ያለችው ኬሊስ ደሴት ነበረች። ዓሣው እጄ ከገባ ሁልጊዜ ኬሊስ ደሴት ነኝ።

ጀልባውን ከጀልባዬ ጎን የሚያስረው ቨርሊን ዲትዝ ይባላል። ማታ የእንግዶቹን ዓሣ ሲበልት አንጀቱን ወደ እኔ በኩል ይወረውራል። ወፎቹ መጥተው ይበላሉ፤ በልተው ሲያበቁ ምን እንደሚያደርጉና የማን ጀልባ ላይ እንደሚያደርጉት አልናገርም። ስቆጣው «ወፎቹን አነጋግራቸው፣ የእኔ አይደሉም» ይለኛል። ለዓመታት ከዚህ ያለፈ ወሬ አልነበረንም።

ሞባይል የሚባል ነገር ገና በማይታወቅበት ዘመን አንድ የሐምሌ ጠዋት፣ አቶ ሃርላን ሶዋርድስን ከልጃቸው ከትሩዲ ጋር ይዤ ወጣሁ። አቶ ሃርላን ከዌስት ቨርጂኒያ የመጡ ጡረተኛ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ናቸው፤ በየክረምቱ ይመጣሉ፣ ዋና ግን አይችሉም። በምዕራብ በኩል፣ ምዕራብ እህት ከምትባለው ደሴት ሥር አቆምኩ። ዋልአይ ሲነክስ አይጎትትም፤ ክሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ የተንጠለጠለ ነው የሚመስለው። አቶ ሃርላን ያን ክብደት በጣታቸው ለይተው አንዱን ሲያወጡ ሌላው ይከተል ነበር።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸና አንዱ ካፒቴን፣ «አይርማ፣ በዚያ በኩል እንዴት ነው?» አለ። አይርማ ሚስቴ ናት፤ ጀልባዬም በእሷ ስም ነው የምትጠራው።

«ምንም የለም ወንድሜ። ኬሊስ ደሴት ነኝ። መልካም ቀን ይሁንልህ።»

ትሩዲ ፊት ለፊታችን ያለውን ደሴት አየችና፣ «ካፒቴን፣ ይሄ ኬሊስ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ዝም በይ» አሏት አባቷ፤ «ሰውዬው ሥራውን ይሥራበት።»

እኩለ ቀን ሲቃረብ ሰማዩ በሰሜን ምዕራብ ጠቆረ። ኢሪ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ስለሆነ ሲቆጣ ጊዜ አይሰጥም። ሞተሩን ላስነሳ ስሄድ የጀልባው ወለል ውሃ ሆኗል። የሞተሩ የውሃ ቱቦ ተቀዷል፣ ውሃ የሚያወጣው ፓምፕ ዝም ብሏል፣ ባትሪዎቹ እየሰጠሙ ነው። ሬዲዮውን አፈፍ አድርጌ፣ «አይርማ ነኝ፣ እየሰጠምን ነው፣ ሦስት ሰው ነን፣ ያለነው...» ስል መብራቱ ጥፍት አለ። ያለንበትን ሳልናገር ሬዲዮው ሞተ።

የመንሳፈፊያ ጃኬት አለበስኳቸው። የአደጋ ርችቶቼን ተኮስኩ፤ ዝናቡ ዋጣቸው። ከዚያ እኔና ትሩዲ የማጥመጃ ትል በምንይዝበት ባልዲ ውሃ መቅዳት ያዝን።

«ሰምተውናል አይደል?» አለች።

«ሰምተዋል።»

«የት እንዳለን ያውቃሉ?»

እንደምዋሽ ሁሉም ያውቃል፤ ግን ከየት ተነስቶ ይፈልገኝ? በእጃቸው ያለው ቃል ጠዋት በገዛ አፌ የተናገርኩት ብቻ ነው። መልካም ልብ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ክራቸውን በጥሰው ወደ ኬሊስ እንደሚበሩ፣ ከእኛም በበረሩ ቁጥር እንደሚርቁ ታየኝ። እውነቱን ነገርኳት።

አቶ ሃርላን ሁለት እጃቸውን የጀልባው ጠርዝ ላይ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ። «ለዓሣ ብለህ?» አሉ።

«ለዓሣ ብዬ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ከመሬት በታች ሠርቼ፣ ውሃ ላይ ልሙት?» አሉና ባርኔጣቸውን አውልቀው እሳቸውም በባርኔጣ መቅዳት ጀመሩ። ሳይቆጡኝ መቅረታቸው ከቁጣ የባሰ አመመኝ።

ውሃው ጉልበታችን ደረሰ። የጀልባዋ ኋላ ሰጠመ፤ ትሩዲ አባቷን በቀበቶዋ ከራሷ ጋር አሰረቻቸው። እኔ ስለ አይርማ አሰብኩ፤ ስለ ጀልባዋ ሳይሆን ስለ ሴትዮዋ። ያኔ ከዝናቡ ውስጥ ነጭ ነገር ብቅ አለ። የቨርሊን ጀልባ ነበር፤ እንግዶቹ ጠርዙ ላይ ተደርድረው ገመድ ይዘዋል።

መጀመሪያ አቶ ሃርላንን ሳቧቸው፣ ቀጥሎ ትሩዲን፣ በመጨረሻ እኔን። ቨርሊን ከመሪው ሳይነቃነቅ በዓይኑ ቃኘኝ። «ኬሊስ ደሴት ከጠዋት ወዲህ ብዙ መንገድ ተጉዛለች» አለ።

ጀልባዬ አይርማ ዓሣችንን እንደያዘች ስትሰጥም ከቨርሊን ኋላ ቆሜ አየኋት። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ፣ «እንዴት አወቅህ?» አልኩት።

«አንተ እውነት ስትናገር ትሳደባለህ። ስትዋሽ ትሕትና ይይዝሃል። ዛሬ ‹ወንድሜ› ስትል ሰማሁና፣ ሚላን ዓሣው ላይ ተቀምጧል አልኩ። ኬሊስ ካልክ ደግሞ ሁልጊዜ እህት ደሴት ነህ።»

«ሁልጊዜ? ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ቆይቷል።»

«ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ለምን አልመጣህም?»

ቨርሊን እንደ ሞኝ አየኝ። «ቦታው ያንተ ነዋ» አለ።

እነዚያን ዓመታት ሁሉ ምስጢሬን በጆሮው ይዞ፣ የእሱ እንግዶች ባዶ ሳጥን ይዘው ሲገቡ፣ የእኔ የሞላ ይዘው ሲመለሱ እያየ፣ ወደ ቦታዬ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብሎ አያውቅም። እኔ ደግሞ የማውቅለት የዓሣ አንጀት መወርወሩን ብቻ ነበር። አመሰግናለሁ ልለው አፌን ከፈትኩ፤ ማልቀስ መጣብኝና ዘጋሁት። አቶ ሃርላን ሄደው የቨርሊንን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ለእኔም ጭምር አመሰገኑልኝ።

በሚቀጥለው ጸደይ በረዶው ሲቀልጥ ሌላ ጀልባ ይዤ ወጣሁ፤ እሷንም አይርማ አልኳት። አንድ ጠዋት እህት ደሴት ሥር ዓሣው እንደ ድሮው ሞላልኝ። ሬዲዮውን አነሳሁ።

«ቨርሊን፣ አንተ የወፍ ቀላቢ። ይሄ እርጉም ብርድ ጣቴን ቆርጦ ጣለው፣ ይሄ የማይረባ ሞተርም ጆሮዬን በላው። እህት ደሴት ነኝ፣ በደቡብ በኩል። ዓሣው ከጀልባዬ ሥር ነው።»

የወደቡ ካፒቴን ሁሉ ሰማኝ። አንዱ «ሚላን እንዲህ በጠዋቱ ምን ጠጥቷል?» አለና ሌሎቹ ሳቁ። እውነቱን ነው ብሎ የጀልባውን አፍንጫ ወደ እኔ ያዞረ አልነበረም።

ቆይቶ አንድ ነጭ ጀልባ ከምሥራቅ ብቻውን መጣ። ከእኔ ትንሽ ራቅ ብሎ ሞተሩን አጠፋ። ቨርሊን ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ መለሰው፤ እኔም እጄን አነሳሁ። ከዚያ የእሱ እንግዶች የማጥመጃ ዘንግ ተራ በተራ ሲጎብጥ እያየሁ፣ የራሴን እንግዶች ክር መከታተል ረሳሁ።

ማታ ወደብ ላይ ዓሣውን ሲበልት አንጀቱን እንደ ልማዱ ወደ እኔ በኩል ወረወረ። ወፎቹ መጡ፣ በሉ፣ ጀልባዬንም አበላሹ። ደስ እያለኝ ባልዲዬን አነሳሁና አጠብኳት።