የራሱ ውሃ

«ፋዘር፣ ጣትዎን ያንሱ!» አለ ሻጩ።

ሽማግሌው አላነሣም። በአውራ ጣቱ የተጫናት ተንሳፋፊ ኳስ የወይን ፍሬ ታህላለች። እሷ ዝቅ ስትል ገንዳ በራሱ የሚሞላው መሣሪያ ውሃ የጎደለ ይመስለዋል፤ ፓምፑም ከባልዲው እየሳበ ወደ ማሳያው የዓሣ ገንዳ ይገፋል። ገንዳው ሞላ። ጠርዙን አልፎ በጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

«አባዬ፣ ተው እንጂ!» አለ ልጁ፣ የሱቁን ወረቀቶች ከውሃው እያሸሸ።

«እኔ ምን አደረግኩ? እኔ ቀንድ አውጣ ነኝ» አለ ሽማግሌው። «ቤቴ የዓሣ ገንዳው ውስጥ ስድስት ቀንድ አውጣ አለ። አንዷ እዚህ ላይ ወጥታ ብትተኛ፣ ይሄ ብልህ የተባለ ዕቃ ሳሎኔን ሲያጥለቀልቅ ይውላል ማለት ነው።»

ሻጩ ጨርቅ አምጥቶ ጠረጴዛውን ወለወለና ሌላ መሣሪያ አሳየው። «ለዚያ እኮ ነው ይሄኛው የተሠራው። ኳስ የለውም፤ ዓይን ነው ያለው። ውሃው ሲጎድል በብርሃን ያያል። ከመጠን አልፎ ከሞላ ደግሞ ይጮኻል።»

«ራሱ አፍስሶ ራሱ ይጮኻላ! ጅራፍ ነው በለኛ።»

ልጁ ሳቀ። ሻጩም ዘግየት ብሎ ሳቀ።

«ዓይኑ ላይ ጨው ሲጋገርበትስ?»

«በሳምንት አንዴ መጥረግ ነው።»

«ሆስፒታል ተኝቼ?»

ሻጩ ጨርቁን ጨመቀ።

ሽማግሌው ጠባዩ ይኸው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የቦይለር ውሃ ሲጠብቅ ኖሯል። እዚያ በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ «እስቲ ልየው» ይሉት ነበር። ውሃው ልክ ነው ሲሉት፣ እስቲ ልየው። ደመወዝ ገባ ሲሉት፣ እስቲ ልየው። ወንድ ልጅ ተወለደልህ ያሉት ቀንም፣ እስቲ ልየው። ፋብሪካው ሲሸጥ በሥራ አስኪያጁ ቢሮ የነበረውን የባሕር ዓሣ ገንዳ የሚወስደው ጠፋ። እሱ ወሰደው። ነጭ ቀበቶ የታጠቁ የሚመስሉ ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች ነበሩበት፤ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው።

የባሕር ዓሣ ገንዳ አንድ ክፉ ዐመል አለው። ውሃው በየቀኑ ይተናል፤ ጨዉ ግን አይተንም። ስለዚህ የጎደለው የሚተካው ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው። ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት ለጉልበቱ ሕክምና ሄዶ ሲመለስ፣ በመስታወቱ ላይ እስከ ለጠፈው ፕላስተር ድረስ ይሞላል፤ በቀን ሦስት ሊትር ያህል። ሰኞ ግን ጉልበቱ ኦፕራሲዮን ይሆናል፤ አሥራ ሁለት ቀን ይተኛል። በራሱ የሚሞላ ዕቃ ይገዛ የተባለው ለዚህ ነበር።

ለልጁ ያልነገረው ነገር ነበረው። ሳምንቱን ሙሉ ከሕክምና ሲመለስ ውሃው ፕላስተሩ ጋ ደርሶ ይጠብቀዋል። ምንም አይጎድልም። ጨዉ ግን በሊትር ከሠላሳ አምስት ግራም ተነሥቶ ዛሬ ጠዋት ሠላሳ ስምንት ገብቷል። ተለቅ ያለችው ዓሣ ምግብ ትታ ጥግ ይዛለች። ታዲያ አንድ ሰው ውሃ ይጨምራል፤ ያውም ጨው ያለበት ውሃ።

ቀን ቀን ቤት የምትውለው ምራቱ ብቻ ናት። የሰባት ወር እርጉዝ ናት። ባለፈው ወር ገንዳው ያለበትን ጥግ በስንዝር እየለካች «የሕፃኑ አልጋ እዚህ ልክ ይገባ ነበር» ስትል በጆሮው ሰምቷል።  ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው።

«ባለ ዓይኑን እንውሰድ?» አለ ልጁ።

«ላስብበት።»

«እንግዲህ እኔ ሥራ ልግባ። አንተ ወደ ሕክምናህ ነህ?»

«አዎ» አለ ሽማግሌው። ዋሸ። ልጁ ከዓይኑ እስኪጠፋ ጠብቆ ወደ ቤቱ የሚሄደውን አውቶቡስ ያዘ።

በጓሮ በኩል ገባ። ጫማውን ደጅ አውልቆ፣ በወጥ ቤት በኩል አልፎ፣ ከሳሎኑ በር ኋላ ቆመ።

ምራቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። እግሯ ሥር ሽማግሌው ጨው የበጠበጠበት ሰማያዊው ጀሪካን ተከፍቷል። በኩባያ እየቀዳች በገንዳው ጠርዝ በኩል ቀስ አድርጋ ታንቆረቁራለች። ሦስት ኩባያ ጨምራ አቆመች። አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ ውሃውን ከፕላስተሩ ጋር አስተያየች። ልክ እሱ እንደሚያደርገው። ሽማግሌውን ይህ አናደደው።

«እጅሽን አንሺ!»

ኩባያው ከእጇ ወደቀ። «ውይ አባባ! አስደነገጡኝ እኮ!»

«ስንት ቀንሽ ነው?»

«ምን?»

«ከዚህ ጀሪካን መቅዳት ከጀመርሽ።»

«ሳምንት ሊሞላኝ ነው» አለች፣ ሆዷን ይዛ እየተነሣች። «ጀሪካን ሲያነሡ ሲያቃስቱ ሰማሁዎት። ላግዝዎ ብል እሺ አይሉም፤ ለዚህ ነው ዝም ያልኩት።»

«ከሰማያዊው ቅጂ ያለሽ ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎታ!»

«እኔ?»

«ባለቤቴ አንዴ ከቧንቧ ሊጨምርበት ሲል የጮኹበትን ረሱት? ‹ቧንቧ እንዳትነካ፣ ዓሣው የራሱ ውሃ አለው!› አላሉም? እኔ ደግሞ ሁለቱንም ጀሪካን ቀመስኩ። ነጩ ዝም ያለ ውሃ ነው። ሰማያዊው ጨው ነው። ዓሣው የሚኖረው ጨው ውስጥ ነው። እስቲ ይፍረዱ፣ የራሱ ውሃ የቱ ነው?»

ሽማግሌው ሁለቱን ጀሪካኖች አየ። ሰማያዊው በወር አንዴ አሮጌው ውሃ ተቀድቶ ሲደፋ የሚተካበት ነው። የየቀኑ ነጩ ነው። ይህን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። ፋብሪካ ሳለ በየቧንቧው ላይ በቀለም ይጽፍ የነበረ ሰው፣ እነዚህ ጀሪካኖች ላይ አንዲት ፊደል አልጻፈም።

«ጨዉ እየከበደባቸው ነው» አለ በመጨረሻ። ነገሩንም አስረዳት።

ምራቱ ወደ ገንዳው ዞረች። «ይሞታሉ?»

«ዛሬ ከደረስንላቸው አይሞቱም። ምነው ሳትጠይቂኝ?»

«እርስዎን? በጎሪጥ ልታይ?»

የወደቀውን ኩባያ ከወለሉ አነሣ። ከዚያ በሆዱ ያደረው ወጣ። «ጥጉን ስትለኪ ሰምቼሻለሁ። ለአልጋው።»

«እሱን መስኮቱ ብርድ ያስገባል ብዬ ተውኩት! አልጋው መኝታ ቤት ከተገጠመ ሁለት ሳምንቱ ነው። ሚስማር ሲመታ የት ነበሩ?»

ሽማግሌው የሰማው መምታቱን ነበር። ገብቶ አላየም።

ከገንዳው ግማሽ ባልዲ ቀድተው ደፉ፤ ከነጩ ጀሪካን ጥቂት ጥቂት እያሉ ተኩ። በዓይን የሚታይበትን የጨው መለኪያ አሳያት፤ አንድ ጠብታ በመለኪያው መስታወት ላይ፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ ብርሃን።

«ሠላሳ ሰባት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል» አለች።

ተቀብሏት አየ። ሠላሳ ሰባት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል።

«ለዛሬ ይበቃል። ባንዴ ማውረድም ይጎዳል» አለ።

ከቀትር በኋላ ሁለቱም ሱቁ ነበሩ።

«ፋዘር፣ ተመለሱ? ባለ ዓይኑን ላሽግ?»

«ባለ ኳሱን። ሁለት ኳስ ያለውን፤ የታችኛዋ ብታብድ የላይኛዋ ትዝጋው።»

ምራቱ ኳሷን አገላብጣ አየቻት። «ይሄ መከለያ የለውም? ቀንድ አውጣ እንዳይወጣበት?»

«አለው» አለ ሻጩ። ከመሳቢያው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ልባስ አወጣ።

ሽማግሌው አፈጠጠበት። «ጠዋት የት ነበር ይሄ?»

«መቼ ጠየቁኝ? ጣትዎን ጭነው ጎርፍ ለቀቁብኝ እንጂ!»

ምራቱ ሳቋ አመለጣት። ሽማግሌው ወደ ልባሱ ዞሮ ቀዳዳዎቹን በጥፍሩ ሞከረ። አይገባም። ይሁን አለ።

«የውሃው ማጠራቀሚያስ?» አለ ሻጩ። «ምክሬን ከሰሙ ስልሳ ሊትሩን። አንዴ ከሞሉት ሃያ ቀን ማንም እጁን አያስገባበትም። አሥር ሊትሩ በሦስት ቀን ያልቃል።»

ሽማግሌው ስልሳ ሊትሩን ዞሮ አየው። በጣቱ አንኳኳው። ማንም እጁን የማያስገባበት ዕቃ፤ ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ሲፈልግ የኖረ ሰው ነው። ምራቱ በሱቁ ወንበር ላይ ወገቧን ይዛ ተቀምጣለች። 

«አሥር ሊትሩን» አለ።

«በሦስት ቀን ያልቃል እኮ ነው የምልዎት!»

«ሰምቻለሁ። ስልሳው ባንዴ ቢገለበጥ ጨዉን አቅጥኖ ይፈጃቸዋል። አሥሩ ቢያጠፋም ጥፋቱ አሥር ነው።»

«እሺ፣ እርስዎ ሆስፒታል ሲተኙ ማን ይሞላዋል? ሰው ይፈልጋል።»

«ሰው አለ» አለ ሽማግሌው፤ ባዶውንም የአሥር ሊትር ባልዲ ለምራቱ አቀበላት።