ያልተሠራው ጎን

የልምምድ ካርዱ ሦስት ዓምድ አለው። የመጀመሪያው «ወደ ፊትና ወደ ኋላ» ይላል፣ ሁለተኛው «ወደ ጎን»፣ ሦስተኛው «መዞር»። በሦስቱም ሥር ከላይ እስከ ታች ራይት ተደርድሯል። ኒቆዲሞስ ባጃጁ ውስጥ ካርዱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ደጋግሞ ያየዋል። በመጀመሪያው ዓምድ ያሉት ራይቶች አንዱ በሰማያዊ፣ አንዱ በጥቁር፣ አንዱ ላብ ነክቶት የደበዘዘ ነው። የቀሩት የሁለቱ ዓምዶች ግን በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቀን፣ አንዴ ቁጭ ተብሎ የተሞሉ መሆናቸውን ዓይን ያለው ሁሉ የሚያውቅበት መሰለው።

«ዋሪያ፣ አሞሃል እንዴ? ፊትህ ሌላ ነው» አለው ባለባጃጁ በመስታወት እያየው።

«ደኅና ነኝ።»

ደኅና አልነበረም። ትናንት የእትዬ ሙሉነሽ ልጅ ኑኃሚን ደውላ «የእናቴን ካርድ ይዘህ ና» ካለችው ወዲህ እህል በአፉ አልዞረም። በዚህ ሙቀት በባዶ ሆድ መውጣት ራስ እንደሚያዞር የሚነግረው ሰውም አጠገቡ የለ።

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ በምትገኝ አንዲት ጠባብ ጂም አሰልጣኝ ነው። ሙያውን ሲማር መምህሩ አንድ ቀን ሦስት ፓፓያ ይዞ ክፍል ገብቶ ነበር። «ይህ ሰው ነው በሉ» ብሎ አንዱን አቁሞ ሰነጠቀና ግራውን ከቀኙ ለየ፤ ሰው በዚህ ቅድ ላይ ወደ ፊት ይራመዳል፣ ይቀመጣል፣ ይነሣል። ሁለተኛውን ሆዱን ከጀርባው ለይቶ ሰነጠቀው፤ በዚህኛው ላይ እጅና እግር ወደ ጎን ይከፈታሉ። ሦስተኛውን ወገቡ ላይ አግድም ቆረጠ፤ በዚህ ላይ ሰው ይዞራል። «በአንዱ ብቻ የሠራ ሰው በሁለቱ ይወድቃል» አለ መምህሩ። ተማሪዎቹ ሳቁ፣ ፓፓያውን ተከፋፍለው በሉ፣ ወጡ።

እትዬ ሙሉነሽ ጂም የመጡት ከአራት ወር በፊት ነው። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ባላቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። በቱታ ላይ ቀሚስ ደርበው፣ በጉልበት ሕመም እያነከሱ ገቡ። ኒቆዲሞስ ከወንበር አስነሣቸው፣ አስቀመጣቸው፣ ደረጃ አስወጣቸው። ጉልበታቸው በረታ። ሁለተኛው ዓምድ ላይ ሲደርስ ግን ምላሱ ታሰረ። መስታወቱ ፊት ብረት የሚያነሡ ጎረምሶች ተደርድረዋል። በእነሱ ፊት እናቱን የሚያህሉ ሴትን «እግርዎን ይክፈቱ» ይበል? «ዳሌዎን ያዙሩ» ይበል? ድሬ ትልቅ ትንሹ አንተ አንቺ የሚባባልባት ከተማ ናት፤ እሱ ግን ታላቅ ፊት አንገቱን እንዲደፋ ተቆጥተው ያሳደጉት ልጅ ነው። «ነገ» አለ። ነገም ሌላ ነገ ወለደ። የጂሙ ባለቤት ካርዶቹን አያለሁ ባለ ዕለት ኒቆዲሞስ ቁጭ ብሎ ባዶውን ሞላው።

ባለፈው ማክሰኞ እትዬ ሙሉነሽ የስፖርት ጫማ ሊገዙ ታይዋን ገበያ ሄዱ። ከባጃጅ ሲወርዱ አንድ እግራቸውን ወደ ጎን አውጥተው ወገባቸውን እንዳዞሩ ዳሌያቸው ከዳቸውና በቀኝ ጎናቸው ወደቁ።

ኑኃሚን በሩን ከፈተችለት። የኢንዱስትሪ ፓርኩን የሥራ ልብስ እንደለበሰች ናት። እትዬ ሙሉነሽ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈው፣ ጀሶ የታሰረ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አስተኝተዋል።

«መጣህ ጌታው! እየው፣ አሮጊትህ ለጀሶ ተዳረች» አሉት እየሳቁ። «ይህቺን ልጅ እንዳትሰማት። ጂሙ ነው ያስወደቀሽ ትለኛለች። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ስወርድ ቸኮልኩ። አንተማ አስተምረኸኛል።»

ኒቆዲሞስ ለመቀመጥ እንኳ ድፍረት አጣ።

ኑኃሚን እጇን ዘረጋች። «ሐኪም ቤት ፊርዶስ የምትባል ፊዚዮቴራፒስት ይዛታለች። ‹ወደ ጎን ስትሠራ የቆየች ከሆነ ሰኞ አቁሜ በተጎዳው ዳሌዋ ላይ የሰውነቷን ክብደት እንድታሳርፍ አደርጋታለሁ፤ ካልሠራች ግን ትወድቅብኛለች፣ ገና ነው› ብላለች። ለዚህ ነው ካርዱ።» ተቀብላ ቁልቁል አየችና ፊቷ ፈካ። «ሠርታለች! ሁሉም ሞልቷል።»

«በይ ውሰጂላታ» አሉ እትዬ ሙሉነሽ።

ኑኃሚን ቦርሳዋን አነገተች። በሩ ጋ ደረሰች።

«ውሸት ነው» አለ ኒቆዲሞስ።

«ምኑ?»

«ወደ ጎን የሚለው። መዞርም። እትዬ ሙሉነሽ አንድ ቀን ሠርተው አያውቁም። እኔ ነኝ ያላሠራኋቸው። የጻፍኩትም እኔ ነኝ።»

«አቦ! እናቴን ሰኞ ልታስጥልብኝ ነበር?» አለች ኑኃሚን ከበሩ ዞራ። «ለምን? ሰነፍክ?»

«አፈርኩ።»

«ከምን?»

ዓይኑን ኑኃሚን ከያዘችው ካርድ አላነሣም። እትዬ ሙሉነሽ ግን ፊቱን አይተው፣ እንደ እናት አነበቡት። ሳቃቸው ቀስ ብሎ ከፊታቸው ወረደ።

«እግርሽን ክፈቺ ማለት ነው ያሳፈረህ?»

አንገቱን ደፋ።

«አምስት ልጅ ወልጄአለሁ እኮ፣ አንተ። የእኔን እግር ያላየ አዋላጅ የለም።» ኑኃሚን ልትስቅ ቃጣትና ተወችው። እትዬ ሙሉነሽ ግን አልሳቁም። ደኅና እጃቸው የአንሶላውን ጠርዝ ያጥፋል፣ ይዘረጋል። «እነዚያን ጎረምሶች ወደ ጎን ስታስረግጣቸው አይ ነበር። እኔ ጋ ስትደርስ ትዘለኛለህ። አለቀላት ብሎ ነው፣ ከዚህ በኋላ ምን ትሆናለች ብሎ ነው አልኩ። ለመጠየቅ አፈርኩ። ቤቴ ገብቼ፣ በሬን ዘግቼ ልሞክር እልና ደግሞ ራሴን እታዘበዋለሁ።»

ይህን አልጠበቀም። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

«ለፊርዶስ እኔው እነግራታለሁ» አለ። «አሁኑኑ እሄዳለሁ።»

«ትሄዳለህ። መጀመሪያ ግን ያን ነገር በለኝ» አሉት እትዬ ሙሉነሽ።

«ምን ልበል?»

«ያላልከውን።»

«ዳሌዎ ተጎድቶ እንዴት...»

«ግራዬ ምን ሆነ? በግራዬ አልወደቅሁም።»

ኒቆዲሞስ ወደ ኑኃሚን ዞረ። እሷ አልፈቀደችም፣ አልከለከለችምም፤ ካርዱን እንደያዘች በሩን ተደግፋ ቆማለች። አልጋው አጠገብ ተንበረከከ። ጆሮው ድረስ ጋለ።

«ግራ እግርዎን ብቻ፣ ተኝተው፣ በዝግታ...» አለና ቀና ብሎ አያቸው። «ወደ ጎን ይክፈቱት።»

እግሩ ከአንሶላው ሥር ተነሣ። ደረጃ ሲወጣ የበረታው ያ እግር አንድ ስንዝር ያህል ተንፏቀቀና ቆመ፤ አዲስ እንደተወለደ ጥጃ እግር ይንቀጠቀጣል። የእትዬ ሙሉነሽ ግንባር በላብ ረጠበ።

«ይኼው ነው?» አሉ። «ይኼን ያህል ብቻ?»

ኒቆዲሞስ መዳፉን ከተረከዛቸው ሥር አስገባ። እግሩ ካሰበው በላይ ይከብድ ነበር።